«ያልፋል ወይ?» ከማለታችን በፊት



ምርጫ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ከሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ ይቀድማል። ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና ውስጥ ይነሳል፣ ቡና በሚጠጣበት ቤት ይነሳል፣ የወጣቶች ኅብረት ተፈጽሞ በግቢው ቆም ስንልም ይነሳል። «ማን ያልፋል?» ይባላል። ወዲያው ሒሳቡ ይጀመራል። የየት አካባቢ ሰው ነው? ዘመዱ ስንት ነው? ገንዘብ አለው? ከኋላው ማን አለ? መናገር ይችላል? እንዲህ ካሰላን በኋላ «እገሌ አለቀለት፤ እገሌ ግን ያልፋል» ብለን እንፈርዳለን። ሒሳቡን በደንብ የሚያውቀውም «ፖለቲካ የገባው ልጅ» ይባላል።

ጥያቄው ለመንግሥት ምርጫ ብቻ አይነሳም። በቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ቦታቸው ሲከፈት፣ የወጣቶች አገልግሎት ኮሚቴ ሲለወጥ፣ በትምህርት ቤት የተማሪዎች ተወካይ ሲመረጥ ይኸው ሒሳብ ይሠራል። ጥቆማው ገና ሳይሰጥ ማን እንደሚገባ ተወርቶ ያልቃል።

ታዲያ ይህ ምን ክፉ አለው? መገመት ኃጢአት ነው እንዴ? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሴ «አይደለም» ነው። ነገር ግን ግምት በቦታው ሲቀመጥና ቦታውን ሲለቅ አንድ አይደለም። ልዩነቱን አብረን እንመርምር።

ዝናብ አይሰማም፤ ሰው ግን ይሰማል

የጎንደር ዙሪያ ገበሬ ሰማይ እያየ ይገምታል። ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ አፈር የያዘው እርጥበት ለሽምብራ ይበቃ እንደሆነ አስቦ ይዘራል። ይህ ግምት ጥበብ ነው። ገበሬው ዝናቡን ቢገምተውም ባይገምተውም ዝናቡ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ደመናው «ማክሰኝት ላይ ምን ተባልኩ?» ብሎ አይጠይቅም።

የነጭ ሽንኩርት ነጋዴም ይገምታል፤ የእርሱ ግምት ግን ትንሽ ይለያል። ሁሉም «ዘንድሮ ነጭ ሽንኩርት ይወደዳል» ብሎ ካመነ፣ ሁሉም ነጭ ሽንኩርት ይዘራል፤ ሁሉም ከዘራ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ላይ ግምቱ የተገመተውን ነገር ራሱን ለወጠው ማለት ነው።

ስለ ሰው የምንሰጠው ግምት ከሁለቱም የከበደ ነው። ሰው የተባለበትን ይሰማል። አንዲት ጎበዝ መምህርት ለወረዳ ምክር ቤት ብትወዳደር ለሕዝብ የምትጠቅም ናት እንበል። «ሴት ናት፤ ማን ይመርጣታል?» የሚል ወሬ ከተማውን ከዞረ፣ ሊመርጧት ያሰቡት «ድምፄ በከንቱ አይጥፋ» ይላሉ። እርሷም ሰምታ ስሟን ሳታስመዘግብ ትቀራለች። በመጨረሻም ገማቾቹ «አላልንም ነበር?» ይላሉ። ነገር ግን የሚሆነውን አስቀድመው አላወቁም፤ እንዲሆን አደረጉት እንጂ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ላይ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። «ሕዝቡ እገሌን አይመርጥም» ስትሉ ሕዝቡ ከሚባሉት አንዱ ራሳችሁ እንደሆናችሁ ረስታችኋል። ስለ ራሳችሁ ምርጫ ስለ ደመና እንደሚወራ አወራችሁ። ግምት ሌላው ሰው ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ነው። ድምፅ ግን እኔ ምን ላድርግ የሚል ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው መመለስ ኃላፊነትን ማሸሽ ነው።

ታሪክ ስለ ግምት ምን ያስተምረናል?

በአገራችን ለረጅም ዘመን ይህ ጥያቄ ለሕዝብ የሚቀርብ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ግን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስለዚህ ለሕግ መወሰኛው ወንበር «ማን ያልፋል?» ያለ ሰው የሚገምተው የአንድ ሰው ልብ ነበር። ዛሬ ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ፤ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ሊያደርጉ ይችላሉ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትን ግን በየምርጫ ክልሉ በቀጥታ የሚመርጠው ሕዝብ ነው። ከሌላው የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ወንበር በመካከል ሲጎድል የማሟያ ምርጫ ይደረጋል፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከአካባቢ ምርጫ ጋር እንደተደረገው ማለት ነው።

ግምት ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ያየነው በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ገዢው ፓርቲ በአዲስ አበባ አንድም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አያገኝም ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ቢኖር ብዙዎች ይስቁበት ነበር። ሆኖም 23ቱም ወንበሮች ወደ ተቃዋሚው ቅንጅት ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሰው ሕይወት የጠፋበት አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ዛሬም ያላለቀ ክርክር አለበት፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም አይደለም። እኛ የምንይዘው አንድ ቁም ነገር ነው። በዚያ ቀን ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈው ሰው ሁሉ «የማይሆን ነገር ነው» ብሎ ቤቱ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ግምቱ በትክክል ይፈጸም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እያንዳንዱ ክር «እኔ ብቻዬን ምን አመጣለሁ» ሳይል ሲቀር ነው።

በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሴናተር የነበሩት ኤድዋርድ ኬኔዲ በ2009 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ሲያርፉ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዙት ወንበር ክፍት ሆነ። በዚያ አገር ሥርዓት ፓርቲዎቹ በመጀመሪያ በየራሳቸው መራጮች ፊት ቅድመ ምርጫ አድርገው እጩ ይለያሉ። ግዛቱ ለረጅም ዘመን የዲሞክራቶች ስለነበረ ብዙ ሰው የዲሞክራቶቹን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ወንበሩንም አሸነፈ ብሎ ቆጥሮ ነበር። በጥር 19 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ግን ወንበሩን የወሰዱት ሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን ናቸው። የትኛው ይሻል ነበር የሚለው የእኛ ፍርድ አይደለም። ግምት እንደ ውጤት ተቆጥሮ ሰው ሲዘናጋ ምን እንደሚሆን ግን ያሳየናል።

ዛፎቹ ንጉሥ ሲፈልጉ

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ምርጫ ዘመቻ አይናገርም የሚል ካለ መሳፍንት ምዕራፍ 9ን ያንብብ። አቤሜሌክ የጌዴዎን ልጅ ነው፤ እናቱ ከሴኬም ናት። መንገሥ በፈለገ ጊዜ ወደ እናቱ ወንድሞች ሄደ። ምን አላቸው? ፍትሕን አውቃለሁ አላለም፤ እግዚአብሔርን እፈራለሁ አላለም። ሰባ ሰው ከሚገዛችሁ አንድ ሰው ቢገዛችሁ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ ደግሞም የአጥንታችሁና የሥጋችሁ ቁራጭ መሆኔን አስቡ አላቸው። ሒሳቡ የገባው ሰው ነበር። የሴኬም ሰዎችም «ወንድማችን ነው» ብለው ልባቸው ወደ እርሱ አዘነበለ። ከጣዖት ቤት ሰባ ብር ሰጡት፤ እርሱም በብሩ ሥራ ፈት ሰዎችን ቀጠረበት፤ ወንድሞቹንም አስፈጀ።

እስቲ አስቡ፤ በዚያ ሰሞን በሴኬም ገበያ «ማን ያልፋል?» ብትሉ ትክክለኛው መልስ «አቤሜሌክ» ነበር። ወገን አለው፣ ገንዘብ አለው፣ የሚከተሉት ጎረምሶች አሉት። ገማቾቹ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ማንም «ይገባዋል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ከሦስት ዓመት በኋላ ከአቤሜሌክ የወጣ እሳት ሴኬምን በላ፤ አቤሜሌክም ጠፋ።

ከእልቂቱ የተረፈው ታናሹ ወንድም ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ምሳሌ ተናገረ። ዛፎች ንጉሥ ፈለጉ። ወይራን ለመኑ፤ ዘይቴን ትቼ አልመጣም አለች። በለስን ለመኑ፤ ጣፋጭ ፍሬዬን አልተውም አለች። ወይንም እንዲሁ። በመጨረሻ እሾህን ጠየቁ። ጥላ የሌለው እሾህ «ከጥላዬ በታች ተጠለሉ» የሚል ግብዣ አቀረበ፤ ካልሆነ ግን እሳት ከእኔ ይውጣ አለ።

በምሳሌው መልካሞቹ ዛፎች የቀሩት ፍሬያቸውን ላለመተው ብለው ነው። በእኛ ከተሞች ሌላም ምክንያት አለ፤ ወይራው አስቀድሞ ተቆጥሮ «አያልፍም» ተብሏል። ሰምቶ ቤቱ ተቀመጠ። ከዚያ እሾህ ብቻውን ሲቀር «ምን እናድርግ፣ የቀረበው እርሱ ብቻ ነው» እንላለን። ወይራውን ማን እንዳስቀረው ግን አንጠይቅም።

ሳሙኤልም ገምቶ ነበር

በ1ሳሙኤል 16 ነቢዩ ወደ እሴይ ቤት ሲገባ ኤልያብን አይቶ በልቡ ወሰነ። ቁመት አለው፤ መልክ አለው፤ የበኩር ልጅ ነው። ከሳኦል ጊዜ ጀምሮ ንጉሥ ማለት ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻው ከፍ ያለ ሰው ነበርና ግምቱ ልማድን የተከተለ ነው። እግዚአብሔር ግን ሰው ፊትን እንደሚያይ፣ እርሱ ልብን እንደሚያይ ነገረው። የሚገርመው የዳዊት አባት ራሱ ዳዊትን በተርታው አላቆመውም። በጎች ዘንድ ነበር። ለእጩነት እንኳ አልተቆጠረም።

«እኛ እንደ ሳሙኤል የሚገለጥልን የለም፤ ልብን በምን እናያለን?» ብትሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በሐዋርያት ሥራ 6 አለ። ማኅበሩ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ በተነገረው ጊዜ መስፈርቱ አስቀድሞ ተሰጠ፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ የሞላባቸው፣ ጥበብ ያላቸው። ዮቶርም ለሙሴ ሲመክር (ዘጸ. 18፥21) አዋቂዎችን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ የታመኑትን፣ ግፍ የሆነ ረብን የሚጠሉትን ምረጥ አለው። በሁለቱም ቦታ «ብዙ ዘመድ ያላቸውን» ወይም «ሊያሸንፉ የሚችሉትን» የሚል የለም።

መልካም ምስክርነት ደግሞ በትንሽ ከተማ የተሰወረ ነገር አይደለም። እቁቡ ከደረሰው በኋላ መክፈሉን የቀጠለው ማን ነው? የእድር ገንዘብ በእጁ ሳለ ሳይጎድል ያስረከበው ማን ነው? ቤት ሠራተኛዋን የምታከብረው፣ ለድሃው በሚዛን የማታጎድለው ማን ናት? የተጣላ ሲያስታርቅ ለሀብታሙ ያላደላው ማን ነው? ይህን ሁሉ እናውቃለን። ነገር ግን «ማን ያልፋል?» የሚለው ሒሳብ ይህን እውቀት አይጠቀምበትም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ቦታ፣ ድሃውን በእግራቸው አጠገብ ያስቀመጡትን የገሠጸው ለዚህ ነው። እነርሱም የሚገምቱ ሰዎች ነበሩ፤ ወደፊት ማን እንደሚጠቅማቸው ገመቱ።

ከራሳችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ምሳሌ አለን። ቄስ ጊዳዳ ሶለን በሕፃንነታቸው በፈንጣጣ ዐይናቸውን ያጡ፣ ለምነው የኖሩ ሰው ነበሩ። ያን ዐይነ ስውር ለማኝ አይቶ «ይህ ልጅ በወለጋ ለብዙ ሰው ወንጌልን ያደርሳል» ብሎ የሚገምት ማን ነበር? ሆኖም በደምቢዶሎ አካባቢ ታላቅ አገልጋይ ሆኑ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ፤ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም በ1997 ዓ.ም. ያለ ፓርቲ በግል ተወዳድረው ከደምቢዶሎ ተመረጡ።

«ታዲያ ጭራሽ አናስላ?»

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። «ሁለት መልካም ሰዎች ቢወዳደሩና ድምፃችንን ብንከፍል፣ ክፉው ሦስተኛ በመካከል አይገባም ወይ?» የሚል። ይህ እውነት ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘ በሚያሸንፍበት ሥርዓት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ስለዚህ ማስላት ከእምነት ጋር አይጣላም። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ሰውየው በመጀመሪያ ምን ሊሠራ እንደሚወድ ያውቃል፤ ከዚያ ይቈጥራል። እኛም በመጀመሪያ «ይገባዋል ወይ?» ብለን እንለይ። ከሚገባቸው መካከል «ማን ሊያልፍ ይችላል?» ብሎ ማሰብ ጥበብ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ያው የሴኬም ሰዎች ሒሳብ ይሆናል፤ ከሚያልፉት መካከል የሚገባውን ስንፈልግ እሾህ ብቻ እናገኛለን።

ሌላው «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ይላል። ሁሉም አንድ ናቸው ለማለት ነው። ይህ አነጋገር የሰላ ይመስላል፤ ግን የስንፍና መሸሸጊያ ነው። ሁሉም አንድ ናቸው የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመለየት አልደከመም። ሦስተኛው ደግሞ «ከነገሩ ጦም እደሩ፤ ፖለቲካ የዓለም ነው» ብሎ ይርቃል። የሚገርመው ግን ይኸው ሰው ማን እንደሚያልፍ ሲገምት ቀዳሚው ነው። ሜዳ ሳይገባ በጨዋታው ላይ እንደሚወራረድ ሰው ሆኗል። ኤርምያስ በምርኮ አገር ላሉት እንኳ የከተማይቱን ሰላም እንዲፈልጉ ጽፎላቸዋል (ኤር. 29፥7)። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን በግጭት ውስጥ ነው፤ የከተማን ሰላም መፈለግ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህልም እንደሚያስፈልግ እናንተ ታውቃላችሁ።

እኛም የምንመዘን ነን

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በሰሜኑ ደጋ ወንጌላውያን ጥቂቶች ነን። ከእናንተ መካከል «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ጴንጤ ነው፤ አያልፍም» ሲባል የሰማ አለ። ያ ቃል እንዴት እንደሚያም ታውቃላችሁ። ስለ እውቀታችሁ አልተጠየቀም፤ ስለ ታማኝነታችሁ አልተጠየቀም። ቁጥራችሁ ታይቶ ተዘጋ። ይህን የሚያውቅ ሰው በሌላው ላይ እንዴት ይደግመዋል?

ነገር ግን እንደግመዋለን። ከገጠር መጥቶ አነጋገሩ ያልለሰለሰውን ወንድም ከኮሚቴ ጥቆማ እናስቀረዋለን። ዝምተኛዋን እኅት «መድረክ አትችልም» ብለን እናልፋታለን፤ የታመመ የምትጠይቀው ግን እርሷ ናት። ከዚህም የሚከብድ ፈተና አለ። በአንድ ወንበር ላይ የእኛው አማኝ የሆነ ግን በገንዘብ የማይታመን ሰው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም የሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ በፍትሑ የሚመሰክርለት ጎረቤት ቢወዳደሩ ማንን ትመርጣላችሁ? «የእኛ ነው» ካላችሁ የአቤሜሌክን የአጥንትና የሥጋ ክርክር ተቀበላችሁ ማለት ነው። እኔ ጎረቤቱን ምረጡ እላለሁ። ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን አድርጉላቸው የሚለው የጌታ ትእዛዝ በምርጫ ሳጥን ፊትም ይሠራል። በታማኝነታችን እንድንመዘን ከፈለግን በታማኝነት እንመዝን።

እንዲህ መርጣችሁ የመረጣችሁት ሰው ላያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ወዳጆቻችሁ «አላልንህም? ድምፅህን አባከንክ» ይሏችኋል። አትፈሩ። የተሸነፈ ድምፅም ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ለዚያ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ይነግረዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ መልካም ሰው ስሙን እንዲያስመዘግብ ያደፋፍረዋል። ውጤቱን ሁሉ እንድታውቁ አልተጠየቃችሁም። የተጠየቃችሁት በእጃችሁ ባለችው አንዲት ድምፅ እንድትታመኑ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው «ማን ያልፋል?» ሲላችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት «አንተስ ማን ይገባዋል ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወሬው ምናልባት ከዚያ ጀምሮ ሌላ ወሬ ይሆናል።

ለኅብረት ውይይት

1. በመሳፍንት 9 የሴኬም ሰዎች አቤሜሌክን ለመምረጥ ያበቋቸው ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? ዛሬ በአካባቢያችን የሚታዩትስ?

2. በኅብረታችን «አያልፍም» ወይም «አትችልም» ተብሎ ያለ ጥቆማ የቀረ ሰው አለ? ስም ሳንጠራ፣ ይህ እንዳይደገም ምን እናድርግ?

3. ከሚገባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ የማለፍ ዕድሉ የሰፋ ቢሆን እንዴት ትወስናላችሁ? ከሚገባው ሰው ይልቅ የሚያልፈውን መምረጥ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ ትላላችሁ?